ወጣቱን አባብሎ ቤት ማስቀመጥ

በጁን 2020 የቱርኩ ፕሬዚዳንት ሬጄፕ ጣይብ ኤርዶጋን በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ከወጣቶች ጋር ቀረቡ። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነበር። ፕሬዚዳንቱ ተፈታኞቹን ሊያበረታቱ፣ ትንሽም እንደ አባት ሊያጫውቱ አስበዋል። የኮሜንቱ ሳጥን ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «ድምፅ ምናምን የለም»፣ ማለትም አንመርጥህም፣ የሚል አጭር መልእክት ደጋግሞ ይወርድ ጀመር። ልጆቹ የሚያናድዳቸው ነገር ነበር፤ በኮሮና ሰበብ ወደ ጁላይ ተገፍቶ የነበረው ፈተና እንደገና ወደ ጁን ተስቦባቸዋል። «አልወደድኩትም» የሚለውን የተጫኑት በመቶ ሺዎች ሆኑ። ኮሜንቱ ተዘጋ። ሥርጭቱ ግን ቀጠለ።

ሥልጣን ላይ የከረመ ፓርቲ ከወጣት ጋር የሚኖረው ግንኙነት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ይጋብዛል። መልሱ ካላማረው ይዘጋል።

ጥያቄው ግን ከመጀመሪያውስ ለምን ይጋብዛል የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፖሊሱ በእጁ ያለ መንግሥት የ19 ዓመት ልጅን ድምፅ ምን ያደርግለታል? መልሱ የዛሬዎቹ አምባገነኖች ምርጫን ስላልሰረዙ ነው። ምርጫ ያካሂዳሉ፣ ታዛቢ ይጋብዛሉ፣ ውጤት ያውጃሉ። ውጤቱ እንዲታመን ደግሞ ሰልፉ ላይ ወጣት መታየት አለበት። ጡረተኛ ብቻ የተሰለፈበት የድጋፍ ሰልፍ ለካሜራ አይመችም።

ከዚህ በታች ግን ሌላ ስሌት አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ለገዥው ፓርቲ አይሰጥም። ፓርቲው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ በራሱ ጥናት ያየዋል። ስለዚህ ግቡ የወጣቱን ልብ ማግኘት አይደለም። ጥቂቱን ይወስዳል፣ የቀረው ደግሞ በምርጫው ቀን ቤቱ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ማባበሉም ማስፈራራቱም የዚህ አንድ ሥራ ሁለት እጆች ናቸው።

ስጦታውን እንይ። ከ2023ቱ የቱርክ ምርጫ በፊት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ነበር። መንግሥት በ2022 በተማሪዎች ብድር ላይ በዋጋ ንረት ስሌት የተከመረውን ጭማሪ ሰረዘ። ለምርጫው ሲቃረብ ደግሞ ተማሪዎች አንድ ስልክና አንድ ኮምፒውተር ከታክስ ነፃ እንዲገዙ እንደሚፈቅድ ቃል ገባ። እዚያ አገር ስልክ ላይ የሚጣለው ታክስ እጅግ ከባድ ስለሆነ ይህ ለአንድ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ የሚያስቀው ታክሱን የጣለውም ያው መንግሥት መሆኑ ነው።

ሃንጋሪ ከዚህም ቀጥተኛ ነበረች። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ 25 ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ እስከ አማካይ ደመወዝ ድረስ የገቢ ግብር አይከፍልም ተባለ። ምርጫው ከሦስት ወር በኋላ ኤፕሪል ላይ ነበር። ለጡረተኞች 13ኛ ወር፣ ልጅ ለሚያሳድጉ የግብር ተመላሽም ታክሎ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ ፊደስ የፓርላማውን ሁለት ሦስተኛ ወሰደ። ግብር ማንሳት በራሱ ነውር የለበትም። በእጁ የገባለትን ገንዘብ የሚጠላ ወጣትም የለም። ግን ተቃዋሚው እንዲህ ያለ ስጦታ ከየት ያመጣል? እሱ የሚሰጠው ተስፋ ነው፤ ገዥው ደግሞ የሚሰጠው ከመንግሥት ካዝና አውጥቶ ነው። ውድድሩ ገና ከመነሻው የተዛባ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፊደስ ካነሳን አይቀር፣ ይህ ፓርቲ ራሱ በ1988 የወጣት ዴሞክራቶች ኅብረት ተብሎ የተቋቋመ ነው። ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አባል መሆን አይችልም ነበር። ኦርባን በጁን 1989 ቡዳፔስት አደባባይ ላይ ቆመው የሶቪየት ጦር ይውጣልን ሲሉ የ26 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። የዕድሜ ገደቡ በ1993 ተነሳ። መሪዎቹ እያረጁ ነበርና ሌላ ምን ይደረግ!

ከስጦታው ቀጥሎ ትርኢቱ ይመጣል። የኡጋንዳው ዮዌሪ ሙሴቬኒ ከ1986 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው። የአገሪቱ ሕዝብ ግማሹ ያህል ገና 18 ዓመት ያልሞላው ነው፤ ማለትም እጅግ ብዙው ኡጋንዳዊ ሌላ ፕሬዚዳንት አይቶ አያውቅም። ሙሴቬኒ ከ2011ዱ ምርጫ በፊት ባህላዊ ግጥም በራፕ ምት ለቀቁ፤ ክለብ ውስጥ ሳይቀር ተጨፈረበት። በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣቱን «የልጅ ልጆቼ» እያሉ መጻፍ ያዘወትራሉ። አጠራሩ ፍቅር አለው። ደረጃም ያስይዛል፦ የልጅ ልጅ አያቱን ያዳምጣል እንጂ በአያቱ ቦታ አይወዳደርም። በ2017 ለፕሬዚዳንትነት የተቀመጠው የ75 ዓመት ጣሪያ ከሕገ መንግሥቱ ሲወጣም አያትየው የትም እንደማይሄዱ ግልጽ ሆነ።

ትርኢት ይሠራል ወይ? አንዳንዴ በደንብ ይሠራል። ኢንዶኔዥያ አምባገነን አገር ናት ባይባልም በ2024 ያየነው ነገር ትምህርት ይሰጣል። ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሦስተኛ ሙከራቸው ነበር። በ1998 የልዩ ኃይል ወታደሮች የዴሞክራሲ ታጋዮችን አፍነው በመውሰዳቸው ሰበብ ከጦሩ የተሰናበቱ ጄኔራል ናቸው። አንዳንዶቹ ታፋኞች እስከ ዛሬ የገቡበት አልታወቀም። ፕራቦዎ ጥፋት የለብኝም ይላሉ። በቲክቶክ ላይ ግን የቀረቡት ሌላ ሰው ሆነው ነው፦ ወፈር ያሉ፣ የሚደንሱ፣ የሚያሳሱ አያት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ጉንጨ ድቡልቡል ካርቱናቸው ቲሸርት ላይ፣ ቢልቦርድ ላይ ታየ። ከመራጩ ከግማሽ በላይ 40 ዓመት ያልሞላው ነው። አብዛኛው 1998ን ወይ አያስታውስም ወይ አልተወለደም። ከ58 በመቶ በላይ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። ምክትላቸው የተሰናባቹ ፕሬዚዳንት የጆኮ ዊዶዶ ልጅ ሲሆን ዕድሜው ያኔ 36 ነበር። ሕጉ 40 ይል ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከምርጫው አራት ወር በፊት በር ከፈተለት። የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የልጁ አክስት ባል ነበሩ። በኋላ በሥነ ምግባር ጥሰት ከዋና ዳኝነታቸው ተነሱ፤ ውሳኔው ግን ጸና።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ የወጣቱ ትልቁ ጥንካሬ የሚባለው ነገር መግቢያ ቀዳዳ መሆኑ ነው። ያለፈ ጠባሳ የለበትም፣ አይፈራም እንላለን። እውነት ነው። ጠባሳው የሌለበት ሰው ግን ማን እንዳቆሰለም ላያውቅ ይችላል።

ከስጦታና ከትርኢት በላይ የሚሠራው ግን የወጣት ክንፉ ነው። የባንግላዴሽን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም። በጠቅላይ ሚኒስትር ሼክ ሃሲና ዘመን የገዥው ፓርቲ የተማሪዎች ክንፍ፣ ቻትራ ሊግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርሞችን በተግባር ያስተዳድር ነበር። ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ አልጋ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ወለል ላይ የሚተኛበት የጋራ ክፍል ይሰጠዋል። እዚያ ለመቆየት ሰልፍ ሲጠራ መውጣት አለበት። ታላላቆቹን አንገት ደፍቶ ሰላም ማለት አለበት። ማታ ማታ «ሥነ ሥርዓት» የሚማርበት ስብሰባም አለ። ያስቸገረ ይደበደባል። በሰልፍ የታየ፣ የታዘዘውን የፈጸመ ቀስ በቀስ ወደ ተሻለ ክፍል ያልፋል። ልጁን ፓርቲውን ትወዳለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚፈልገው አልጋ ነው።

በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ «የወጣቶች ተሳትፎ» ነው። አባላቱ ብዙ፣ ሰልፉ ደማቅ። ምርጫውስ? በ2014 ዋናው ተቃዋሚ ራሱን አግልሎ ከ300 መቀመጫ 153ቱ ያለ ተወዳዳሪ ተያዘ። በ2018 ሣጥኖች ገና ከማለዳው ሞልተው ተገኙ የሚል ክስ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በ2024 ጃንዋሪ ተቃዋሚው እንደገና ራሱን አገለለ። በ2013 ዕድሜው 18 የሞላው ልጅ እንግዲህ 29 ዓመቱ አካባቢ ሲደርስ አንድም ጊዜ ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ሰው መርጦ አያውቅም። በ2024 ከመንግሥት ሥራ 30 በመቶውን ለነፃነት ታጋዮች ዘሮች የሚሰጠው ኮታ በፍርድ ቤት ሲመለስ፣ በጁላይ ተማሪው አደባባይ ወጣ። ሊበትኑት መጀመሪያ ከተላኩት መካከል የቻትራ ሊግ አባላት ነበሩ። የሊጉ መሪዎች ከየዶርሙ ሲባረሩ ያቺ ደማቅ አባልነት በአንድ ሌሊት ተነነች። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች እስከ 1,400 ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ገምተዋል። ሃሲና ኦገስት 5 ቀን አገር ጥለው ሄዱ። በአልጋ የተገዛ ድጋፍ እስከ አልጋው ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰው።

አሁን ወደ ሌላኛው እጅ፣ ወደ ማስቀረቱ እንምጣ። ይህኛው ጫጫታ የለውም። ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው።

የኡጋንዳ የ2021 ምርጫ የተካሄደው በጃንዋሪ ነው። የመራጮች መዝገብ ግን የተዘጋው በ2019 መጨረሻ ላይ ነበር። ስለዚህ በ2020 ዓመቱን ሙሉ 18 የሞላቸው ልጆች በሕግ አዋቂ ሆነው በመዝገብ ግን አልነበሩም። ማንም አልደበደባቸውም። ማንም አልከለከላቸውም። የጊዜ ሰሌዳው ብቻ በቂ ነበር። ተቃዋሚው ቦቢ ዋይን ደግሞ በዋናነት የተደገፈው በእነሱ ዕድሜ ባለው ሰው ነው።

ሃንጋሪም የራሷ ዘዴ አላት። ሮማኒያ ውስጥ የሚኖርና ሃንጋሪ ውስጥ አድራሻ የሌለው የዘር ሃንጋሪያዊ ድምፁን በፖስታ ይልካል። ለሥራ ለንደን ወይም በርሊን የሄደው፣ አገር ቤት አድራሻ ያለው ወጣት ግን በአካል ኤምባሲ ሄዶ መሰለፍ አለበት። የመጀመሪያው ቡድን እጅግ በብዛት ፊደስን ይመርጣል፤ ሁለተኛው አይመርጥም። አንዱ ቴምብር ይለጥፋል፣ ሌላው የባቡር ትኬት ይቆርጣል። ሕጉ ስለ ዕድሜ አንድም ቃል አይናገርም።

ከዚያ ኢንተርኔቱ አለ። ኡጋንዳ በ2018 ማኅበራዊ ሚዲያ ለሚጠቀም ሁሉ በቀን 200 ሽልንግ ቀረጥ ጣለች፤ ሙሴቬኒ ሐሜት ነው የበዛበት ብለው ነበር። በምርጫው ዋዜማ ደግሞ ኢንተርኔቱን ጭራሹን ቆረጠችው። የቦቢ ዋይን ደጋፊዎች መለያ የነበረው ቀይ ቆብም በ2019 የወታደር ልብስ ነው ተብሎ ለሲቪል ተከለከለ። እስር የሚያስከትል ቆብ! በኖቬምበር 2020 ቦቢ ዋይን ሲታሰር በተነሳው ተቃውሞ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 54 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የ18 ዓመት ልጇን «ተው፣ ቤትህ ቁጭ በል» ያለች እናት የማንም ፓርቲ ካድሬ አይደለችም። የፓርቲውን ሥራ ግን ሠርታለታለች።

ተቃዋሚው በዚህ መሐል ምን ያደርጋል? ከባድ ነው። ገዥው ፓርቲ ወጣቱን «ውሰድ» ይለዋል። ተቃዋሚው ግን ወጣቱን የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ተመዝገብ፣ ጊዜህን ስጥ፣ ምናልባትም ታሰር። ይህን ለመጠየቅ የሚያስችል ቃል ኪዳን ከየት ይገኛል?

ታይላንድ ውስጥ መልሱን ያገኙት ይመስለኛል። በ2014 ጦሩ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ምርጫ የተፈቀደው በ2019 ነበር። እስከዚያ ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ አዲስ መራጭ ተጠራቅሟል። ከተመሠረተ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ፊውቸር ፎርዋርድ የሚባል ብርቱካናማ ፓርቲ ከ6 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ስለ ዴሞክራሲ ብቻ በመስበክ አልነበረም። ታይላንድ ውስጥ ወንድ ልጅ 21 ሲሞላው ኤፕሪል ላይ ዕጣ ያወጣል። እጁን ሣጥን ውስጥ ይከታል። ጥቁር ወረቀት ከወጣለት ወደ ቤቱ፣ ቀይ ከወጣለት እስከ ሁለት ዓመት ወደ ጦር ሰፈር። ቀይ ወጥቶለት ራሱን የሚስት አለ። ፓርቲው ይህን ዕጣ አስቀራለሁ አለ። የወጣቱን ፖለቲካ የነካው እዚህ ጋ ነው፦ ጦሩ በአገሪቱ ላይ ያለው ሥልጣንና የአንድ ልጅ እጅ አንድ ሣጥን ውስጥ ተገናኙ።

ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል። በፌብሩዋሪ 2020 መሪው ታናቶርን ለራሱ ፓርቲ 191 ሚሊዮን ባት አበድሯል ተብሎ ፓርቲው በፍርድ ፈረሰ። መሪዎቹ ለ10 ዓመት ከፖለቲካ ታገዱ። ተማሪው አደባባይ ወጣ። ፓርቲው ሙቭ ፎርዋርድ ተብሎ ተመለሰና በሜይ 2023 ከ14 ሚሊዮን በላይ ድምፅና 151 መቀመጫ ይዞ አንደኛ ወጣ። ጦሩ የሾማቸው 250 ሴናተሮች ግን መሪው ፒታ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳይሆኑ አገዱ። በኦገስት 2024 ይህኛውም ፈረሰ፤ ንጉሡን መዝለፍን የሚቀጣውን የሕግ አንቀጽ አሻሽላለሁ ብሎ መቀስቀሱ ሥርዓቱን እንደ መናድ ተቆጠረበት። በሁለት ቀን ውስጥ በሌላ ስም ሦስተኛው ተወለደ።

ሰዎች ይህን ሲያወሩ የጽናት ታሪክ ያደርጉታል። ጽናት አለበት። ወጪውን ግን አንርሳ። በየማፍረሱ አንድ ረድፍ መሪ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ መርጦ ሁለት ጊዜ የተነጠቀ መራጭ በሦስተኛው «ምን ዋጋ አለው» ማለቱ አይቀርም፤ ፓርቲ የሚያፈርሰው ሰውም የሚጠብቀው ያችን ቃል ነው።

ተቃዋሚዎችም የራሳቸው ጥፋት አለባቸው። በቱርክ በ2023 የተቃዋሚው እጩ ከማል ክሊችዳሮግሉ ከወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ የለቀቋቸው ቪዲዮዎች በሚሊዮኖች ታዩ። ወጣቱን «እኔን እንደልብህ ትተቸኛለህ» አሉት፤ ደስ የሚል ቃል ነው። የ74 ዓመት ሰው ግን ነበሩ፤ ፓርቲያቸውም ወጣት እጩ ከፊት ለማሰለፍ ሲያመነታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጠበቀው ሰው የኢስታንቡሉ ከንቲባ ኤክሬም ኢማሞግሉ ሆኑ። በማርች 18 ቀን 2025 ዩኒቨርሲቲያቸው የዲግሪያቸውን ዲፕሎማ ሰረዘ፤ ፕሬዚዳንት ለመሆን ደግሞ ከፍተኛ ትምህርት ግድ ነው። በማግስቱ ፖሊስ ያዛቸው። ያኔ ፓርቲው ወጣቱን አልጠራም፤ ወጣቱ ነው ፓርቲውን የጎተተው። የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፖሊስ አጥር ጥሰው ከወጡ በኋላ ነው የማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ በየማታው የሞላው። የሰው ዲፕሎማ በአንድ ስብሰባ ከተሰረዘ የእኔስ ምን ዋስትና አለው? ለተማሪ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ቢጎረብጥም። ወጣት ሁሉ ዴሞክራት ነው የሚለው ተረት ነው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ናዪብ ቡኬሌ በ2019 ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ 37 ዓመታቸው ነበር። ከማርች 2022 ጀምሮ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ናት፤ በአሥር ሺዎች ያለ በቂ ፍርድ ታስረዋል። ሕገ መንግሥቱ በተከታታይ መመረጥን ይከለክል ነበር። በ2024 ግን ወደ 85 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ተመረጡ። ወጣቱም አብሮ መርጧል፣ ማንም ሳያስገድደው። ምክንያቱም በልጅነቱ የወሮበላ ቡድን ድንበር አቋርጦ ትምህርት ቤት መሄድ አይችልም ነበር፤ አሁን ይሄዳል። ይህን «ተታለለ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ተቃዋሚው ለዚያ ልጅ ስለ ዳኞች ነፃነት ሲነግረው ስለ መንገዱ ምንም ካላለው አይሰማውም።

የተሳካለት የለም ወይ? ሴኔጋል አለች። የተቃዋሚው መሪ የኡስማን ሶንኮ ፓርቲ ፓስቴፍ በጁላይ 2023 ፈረሰ፣ ሶንኮም ታሰሩ። ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል በፌብሩዋሪ 2024 ሊደረግ የነበረውን ምርጫ ሊያራዝሙ ሞከሩ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አይቻልም አለ። ልዩነቱ ይህች ናት፤ ታይላንድ ውስጥ ፓርቲ የሚያፈርሰው ዓይነት ፍርድ ቤት እዚህ ፕሬዚዳንቱን ገታ። በእስር ላይ የነበሩት ምትክ እጩ ባሲሩ ጆማይ ፋይ ከሶንኮ ጋር በምሕረት አዋጅ ሲፈቱ ለምርጫው አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ቅስቀሳው «ጆማይ ማለት ሶንኮ ነው» የሚል አንድ መስመር ነበር። 44 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ቀን ሲቀራቸው በተደረገው ምርጫ በ54 በመቶ በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ።

ያ የምሕረት አዋጅ ግን ለእስረኞች ብቻ አልነበረም። ከ2021 እስከ 2024 በነበሩት ተቃውሞዎች ላይ የተኮሱትንም አብሮ ሸፈነ። በተቃውሞዎቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ተገድለዋል። ቤተሰቦቻቸው ሥልጣን የያዘውን ፓርቲ ማን ተኮሰ ብለው ይጠይቃሉ። ፓርላማው በ2025 አዋጁን በትርጓሜ ለማጥበብ ሞክሮ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገበት። መሪዎቹን ከእስር አውጥቶ ለቤተ መንግሥት ያበቃው ወረቀት፣ ተኳሾቹንም አብሮ የሸፈነው እሱ ነው።